የሽንት ቤቶቹ ቆጠራ

እንድርያስ በሩን ደግሞ ጎተተው፤ አልተከፈተም። ጎንበስ ብሎ ሲያይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

"አባባ ጅግሶ፣ ሽንት ቤቱን ቢከፍቱልኝ?"

ሽማግሌው ከደጃፋቸው ሆነው ወደ መንገዱ አዩ። "ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው፣ መምህር። ገበያ ሄዳለች።"

እንድርያስ ለክልሉ ምክር ቤት ከመመረጡ በፊት በዚሁ ቀበሌ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሯል፤ እስካሁን "ክቡር" ብሎ የሚጠራው የለም። ከዲላ ሲነሳ የጠጣው ውሃ አስጨንቆት ወደ ጎረቤት ተሻገረ። እዚያም ተቆልፏል። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ በጣውላው ስንጥቅ የሚወጣው ሽታ ግራ አጋባው። ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ይሸታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኤልቤቴል ከኋላው ደረሰች።

"ደረሱበት አይደል?" አለች።

"ቡና ነው?"

"ቡና ነው። የንጽህና ፕሮጀክቱ ለየቤቱ የሽንት ቤት ቆርቆሮና የጣውላ በር ሰጠ። የሰዉ መኖሪያ ቀርከሃ ነው፤ ሌባ በቢላ ቀዶ ይገባበታል። ጠንካራ በር ያለው ይሄ ብቻ ነው። ጉድጓዱን በሳንቃ ይከድኑና ጆንያውን ይደረድራሉ።"

"እነሱስ የት ይወጣሉ?"

በአገጯ የእንሰቱን ጓሮ አሳየችው።

እንድርያስ በኪሱ ያለውን ሪፖርት ዳሰሰ። ዛሬ ለመራጮቹ የሚያነበው ነው። ስለ ጤና፣ ቀበሌው መቶ በመቶ ሽንት ቤት ሠርቷል ይላል። ስለ ጸጥታ፣ የቡና ስርቆት ዘንድሮ በግማሽ ቀንሷል ይላል። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ባለፈው ወር ሐዋሳ ላይ ሁለቱንም ተናግሮ ተጨብጭቦለታል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለወረዳው አመለከትኩ። 'ቤቱ ቆሟል ወይስ አልቆመም?' አሉኝ። 'ቆሟል' አልኩ። 'እንግዲያው ተቆጠረ' አሉ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ባለፈው ሳምንት አተት የያዛቸው አራት ሰዎች መጥተውብኛል። በሽታው ያልሰፋው ምንጩን በክሎሪን የሚያክሙት ባለሙያዎች እዚህ ስላሉ ነው። እርስዎ ዛሬ መቶ በመቶ ብለው ካወጁ እዚህ ሥራው አለቀ ተብሎ ሰኞ ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወራሉ። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ደርሷል፤ የጓሮውን ሁሉ ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ነው የሚከተው።"

አባባ ጅግሶ ተከትለዋቸው መጥተው ኖሯል።

"መምህር፣ ይሄንን ስብሰባ ላይ እንዳትናገር" አሉ። "ነጋዴውም፣ ሹፌሩም፣ የማናውቀውም ሰው እዚያ ይቀመጣል። ቡናው የት እንዳለ ከሰማ ማታውኑ ያልቃል። የዓመት ልፋታችን ነው።"

"ሰው ቢሞትስ፣ አባባ?"

"እሱንም ፈርቻለሁ። ከአራቱ አንዷ የልጄ ሚስት ነች።" ወደ ተቆለፈው በር ዞሩ። "ምን ታደርገዋለህ፣ ዘንድሮ ቡናው ከእኛ የተሻለ ቤት ገባ!" ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

"በሉ አሁን ይክፈቱልኝ፤ እኔ ቡና አልሰርቅም።"

"እውነቱን ልንገርህ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ግን መቆሚያ የለውም፤ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። አንተም ወደ እንሰቱ ሂድ።"

የምክር ቤቱ አባል ወደ እንሰቱ ሄደ።

በቀበሌው ሜዳ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። የወረዳው ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ ሽንት ቤቱን መቶ በመቶ ለሠራ ቀበሌ መግቢያው ላይ የሚተከለውን ነጭ ባንዲራ ጠቅልለው ይዘዋል። እንድርያስ ስለ መንገዱና ስለ ክትባቱ አነበበ። የስርቆቱን ቁጥር ሲያነብ ተጨበጨበ። የሽንት ቤቱ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። አባባ ጅግሶ መሬት መሬቱን ያያሉ።

"የሽንት ቤቱን ቁጥር አላነብም" አለ። "ሐዋሳ ላይ ስናገር ራሴ መጥቼ አላየሁም ነበር። ሳላይ ተናገርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ቆጠራው ይደገም ብዬ እጠይቃለሁ፤ እስኪደገም ድረስ ክሎሪን የሚጨምሩት ሰዎች እንዳይነሱም እጠይቃለሁ። እናንተም ከነገ ጀምሮ በየሦስት ቤቱ አንድ ጉድጓድ ጨምሩ። ዙሪያውን በሣር ከልሉት። በር አያስፈልገውም።"

ሰዎቹ ተያዩ። ከኋላ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ከከተማ የመጡት ነጋዴዎች ምን እንዳሳቃት አልገባቸውም።

አቶ ልዑልሰገድ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "ምን ነካዎት? ሪፖርቱ ዞን ደርሷል እኮ! በገዛ አፍዎ የተናገሩትን ሊሽሩ ነው? ምርጫው እንደሆነ ደጃፍ ላይ ነው።"

"ቆጠራው ይደገም የሚል ደብዳቤ ይጻፉልኝ።"

"በወረዳው ስም? እኔ አልጽፍም።"

እንድርያስ አልተከራከረም። ከኤልቤቴል ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቀን ከመጻፉ፣ ለማን እንደሆነ ከመጻፉ በፊት፣ ከላይ በኩል የራሱን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ጻፈ።