ባላምባራስ ድልነሳው በሾላ ገበያ

ወይዘሮ አገርነሽ «ድልነሳውን አንድ ቀን ባገኘው የምለውን እኔ አውቃለሁ» ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች። ችግሩ ባላምባራስ ድልነሳው የሚባል ሰው የለም። ልጇ ፈትለወርቅ ከእራት በኋላ የምታነብላት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የወንድሙ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ፣ እማዋይሽ የምትባለውን የወንድሙን ሚስት ጨቅላዋን እንዳዘለች በሐምሌ ዝናብ ከቤት አስወጥቶ በሩን የቀረቀረባት እሱ ነው። ግራ ቅንድቡ ነጭ ነው፤ ሊናገር ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው» ትላታለች ፈትለወርቅ። ኮተቤ አስተማሪ ናትና ማስረዳት ትወዳለች።

«ልብ ወለድ ነው ትያለሽ። ማኅፀን የወለደው ሰው ከሆነ ልብ የወለደው ምን ሊሆን ነው? ድንጋይ?»

ቤታቸው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። ወይዘሮ አገርነሽ ቀን ደጃፏ ላይ ጥጥ ስትፈትል እማዋይሽ በዛፎቹ መካከል ስትመጣ ታያታለች። «ነይ ግቢ፣ ልጁን አውርጂው» ትላታለች። እግሯን ታጥባታለች፣ መደቡን ትለቅላታለች፣ በሞቴ እያለች ታጎርሳታለች። አንድ ቀን ይህንኑ ድምፅ አውጥታ ስትል የሰማች ጎረቤት እንግዳ ያለ መስሏት ልትጠይቅ ገብታ ባዶ መደብ አይታ ተመልሳለች። ድልነሳው ግን ሌላ ነው። ሲመሽ ከወደ ዳገቱ ውሻ ከጮኸ፣ እሱ ነው ብላ መዝጊያዋን ሁለቴ ትነካካለች። ቀን ቀን ደግሞ ስድቡን ታዘጋጃለች፤ አንዱን ቃል ታነሣለች፣ ሌላውን ትጥላለች፣ እንዲያው ስታሳምረው ትውላለች።

በዚህ መሐል ነው የእውነቱ ጉዳይ የመጣው። ፈትለወርቅ ጋር አብሮ የሚያስተምረው አካሉ ለእሑድ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። የፈትለወርቅ እኩዮች ወልደው ከብደዋል፤ እሷ ግን «ከአካሉ ሌላ አላገባም፣ እሱም ከቀረ ይቅርብኝ» ብላ ቁጭ ብላለች። እናቲቱ ለዚህች እሑድ ስትል ያልተሳለችው ስለት የለም። የአካሉን አባት በዓይኗ አይታቸው ባታውቅም ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ሰምታ ደስ ብሏታል።

እና ለሽማግሌዎቹ መስተንግዶ ጤፍ ልትገዛ ሾላ ገበያ ወረደች። እህል ነጋዴው ሁሴን ዘንድ ጤፉን ዘግና እፍ እያለች ስታይ፣ አጠገቧ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና አለች። ግራ ቅንድቡ ነጭ ነው።

ያ ሁሉ ቀን የተዘጋጀው ስድብ ማንንም ሳያስፈቅድ ወጣ።

«አንተ!»

«እኔን ነው?» አለ ሰውየው።

«አንተን ነው እንጂ! የወንድምህን ሚስት ጨቅላ አዝላ በሐምሌ ዝናብ አስወጥተህ፣ በሩን ከውስጥ የቀረቀርክ! እሷ ደጅ ቆማ ስትጮህ አንተ እሳት ትሞቅ ነበር! የእሷ እንባ ሰማይ ደርሷል፣ አንተ ገና እዚህ ጤፍ ትመርጣለህ?»

ሰውየው የዘገነው ጤፍ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አልተቆጣም፣ «ዕብድ ናት» አላለም። ዞሮ በሰው መሐል ሄደ።

«እማማ፣ ምን ነካዎት?» አለ ሁሴን ራሱን ይዞ። «የኮተቤው ግራዝማች ዓምደ ሚካኤል እኮ ናቸው! የአስተማሪው የአካሉ አባት!»

ወይዘሮ አገርነሽ ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታውቀውም። የልጄን ትዳር በገዛ ምላሴ ገደልኩት ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ቅንድቡ ትዝ ይላታል። ሰውየው ድልነሳው ነው ወይስ ግራዝማች ናቸው? በሐሳቧ እንኳ አንተ ትበላቸው እርስዎ ትበለው ጠፍቶባት አንዱን ስትጀምር በሌላው ትጨርሳለች። ንጹሕ ሰው ከሆኑ እንዲያ ያለ ስድብ ሲሰሙ ለምን አልሳቁም? ለልጇ ምንም አልነገረቻትም። ማታ መጽሐፉ ሲወጣ ራሴን አሞኛል አለች።

ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ፈትለወርቅ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ግራዝማች ዓምደ ሚካኤል ቤቱን ከሁሴን ጠይቀው ብቻቸውን መጡ። የወንድ አባት ከሽማግሌ ቀድሞ ብቻውን የሴት ቤት ሲረግጥ ያየ ካለ ይናገር። ወይዘሮ አገርነሽ ጠላ ቀዳችላቸው፤ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ቀደሟት።

«ማን ነገረዎት?» አሉ።

«ምኑን ግራዝማች?»

«የወንድሜን ሚስት ነገር። ሐምሌ መሆኑን ሳይቀር ነው የነገሩኝ። በሩን መቀርቀሬን ከእሷ በቀር ማን ያውቃል? እዚህ መጥታለች?»

ወይዘሮ አገርነሽ መደቡን ዞራ አየች፤ ለአፍታ እማዋይሽ እዚያ የተቀመጠች መስሏት ነበር። ፈትለወርቅ ደግሞ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እንግዳውን ታያለች።

«ማንም አልነገረኝም። መጽሐፍ ነው» አለች እናቲቱ። «ልብ ወለድ ነው።»

«የማን ልብ?» አሉ ግራዝማች።

መጽሐፉ ቀረበላቸው፤ ገለጥ ገለጥ አድርገው ለፈትለወርቅ መለሱላትና «ያችን ቦታ አንብቢልኝ» አሏት። አነበበች። ዝናቡን፣ ጨቅላውን፣ መቀርቀሪያውን አነበበች። ድምጿ መሐል ላይ ቀነሰ፤ ምን እያነበበች እንደሆነ፣ ለማን እያነበበች እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉ ሲጨርሱ። «ሰውየው።»

እዚያ ገና አልደረሱም ነበር፤ ፈትለወርቅ ግን ብቻዋን ቀድማ አንብባ ጨርሳዋለች። ወይዘሮ አገርነሽ በአንድ ወገን መብረቅ መትቶት እንዲሆን ትመኛለች፤ በሌላ ወገን ምነው ልጄ ደግ ደጉን በተናገረች ትላለች። ሁለቱ ምኞት ደረቷ ውስጥ ተፋጠጡ።

«ምንም አልሆነም» አለች ፈትለወርቅ። «ሸምግሎ፣ የነፍስ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው፣ በአልጋው ላይ ሞተ።»

«ተመስገን!» አሉ ግራዝማች።

ጠላቸውን አንሥተው ጨለጡት። የፊታቸው ወዝ ተመለሰ፣ ትከሻቸው ቀና አለ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ እሑድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አሉ። «በገበያው የተባለውም እንዳልተባለ ይቆጠር። እኔ ቂም አላውቅም።»

ወይዘሮ አገርነሽ ስትለምን የኖረችው ነገር ሁሉ እነሆ እጇ ላይ ወደቀ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ዓይኗ ግን ወደ ባዶው መደብ ሄደ። «እሺ፣ ያክብርልኝ» ልትል ነው።

«ግራዝማች» አለች ፈትለወርቅ፤ «ሴትዮዋስ ምን ሆነች ብለው አልጠየቁም።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«የፈለጓትን ይጠይቁ።»

ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደገና ጠረጉ። «ወዴት እንደሄደች አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ማንንም ጠይቄ አላውቅም።»

«እንግዲያው ይጠይቁ። ፈልገው አግኝተው፣ ከቤቱ የሚገባትን ድርሻ መልሰው፣ ይቅር በይኝ እስኪሏት ድረስ ሽማግሌ እንዳይልኩ። ቢልኩም እኔ እሺ አልልም።» ልጅቷ ይህን ስትል መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር፤ አካሉን እንዴት እንደምትወደው እናቷ ታውቃለች።

ግራዝማች ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ደኅና አምሹም አላሉ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ወይዘሮ አገርነሽ በበሩ አየቻቸው፤ ከኋላ ቅንድባቸው አይታይም፣ የደከማቸው ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ለእኚህ ሰው ማዘን ይገባኛል ወይስ አይገባኝም ብላ ሳትወስን ከዓይኗ ተሰወሩ።

ፈትለወርቅ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እናቲቱ ትቆጣት ወይስ ትመርቃት አላወቀችም። አጠገቧ ተቀመጠች።

«አካሉስ?» አለቻት።

«ነገ እነግረዋለሁ። ሴትዮዋን አብሮኝ ይፈልጋት እንደሆነ አየዋለሁ።»

ወይዘሮ አገርነሽ ልጇን የምታጽናናበት ቃል ፈልጋ ፈልጋ አጣች። ቢያንስ ስለዚያችኛዋ ደግ ወሬ ቢሰማ ብላ ጠየቀች። መጽሐፉ ውስጥ ነገ ማታ ትመለሳለች፣ ከነገ ወዲያ ትመለሳለች እያለች ስንት ጊዜ ጠብቃት ነበር።

«እማዋይሽስ? መጽሐፉ ላይ ምን ሆነች?»

«አይናገርም እማዬ። ከዝናቡ በኋላ ስሟ ተመልሶ አይነሣም።»

«የጻፋትም ሰው ረሳት?» አለች ወይዘሮ አገርነሽ፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠግታ እሷም አለቀሰች።