ሁለት የግራ ጓንቶች

እትዬ ሃንሲ ድንጋዩን የሚያነቡት በጣታቸው ነው። ሌባ ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር ያሳርፋሉ፣ ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፣ የፈለጉት ስም እንዳልሆነ ሲገባቸው ጣታቸው አንድ መስመር ይወርዳል። ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ስለሆነ አይቸኩሉም። በድንበር ከተማዋ በታዋንግ የጦር መታሰቢያ፣ በነጩ ጉልላት ዙሪያ ከቆሙት ጥቋቁር ድንጋዮች ትናንት አብዛኞቹን ጨርሰዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የቀሯቸው አራት ነበሩ፤ ያንግዞም ቆጥራለች።

ያንግዞም ነገር መቁጠር ይቀናታል። ከገዳሙ ሥር ያለውን ቤቷን ለእንግዳ ማከራየት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። የሟች ዘመድ ሆኖ የመጣው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ስሙን ያገኛል፣ ነጭ የሐር ሻሽ ያንጠለጥላል፣ ያለቅሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ እሷ ቤት ገብቶ የዳጉሳ ገንፎውን በአይብ ይበላል። እንደ እኚህ ከሌላ ተራራማ ክፍለ አገር እንደመጡ ሴት ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ፊት የቆመ አላየችም። ለዚህ ነው ዛሬ አብራቸው የመጣችው።

«እማማ» አለ ጃምቤ። ጃምቤ የያንግዞም የወንድም ልጅ ነው፤ እንግዶቿን በጂፑ የሚያመላልሰው እሱ ነው። «ከዚህ ሲወጡ እኮ የጦሩን ስም በሙሉ በቃልዎ ይዘውታል። ሻለቃ ነው የሚያደርጉዎት።»

«አንተ ዝም ብለህ መኪናህን እጠብ።»

«በዚህ ብርድ? ውሃው መስታወቱ ላይ በረዶ ይሠራል።»

እትዬ ሃንሲ ዘወር አላሉም። የመጨረሻው ድንጋይ የመጨረሻው ስም ላይ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ በታች ምንም አልተጻፈም። ጣታቸው ግን በባዶው ድንጋይ ላይ ጥቂት ወረደ።

«የለም» አሉ።

ጃምቤ ቦርሳቸውን አነሣላቸው።

ከመታሰቢያው በር አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። እትዬ ሃንሲ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩና አንድ ጓንት አወጡ፤ በእጅ የተሠራ፣ ግራጫ፣ የወንድ ልክ። የቀኝ እጅ ጓንት ነበር።

«ይሄን ከስሙ ሥር ላስቀምጥ ነበር አመጣጤ።»

«ብቻውን?» አለ ጃምቤ። «ግራውስ?»

«ግራው ከሱ ጋር ነው። ሁለት ግራ ነው ይዞ የሄደው፤ ቀኙን ከሄደ በኋላ ሠራሁት።» ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክለው ዘረጉት። «አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ኩንዳን ወደ ጦሩ ሊመለስ ሲል ጓንት ልሥራለት ብዬ ተነሳሁ። አንዱን ጨረስኩ። እሱን እያየሁ ሁለተኛውን ሠራሁ። በማግስቱ ሲለካቸው ሁለቱም ግራ ናቸው! እናቴ አናቴን በኩርኩም አለችኝ። እሱ ግን ምን አለ መሰለሽ፤ ‹አንዱ ግራ እጄ ሲደክመኝ በሌላው ግራ እጄ እተኩሳለሁ።› አጠለቃቸው፣ ሄደ። በዚያው ቀረ።»

«ምንም ወሬ አልመጣም?»

«የገባበት አልታወቀም የሚል ወረቀት መጣ። የሰፈሩ ሰው ግን ሁሉንም ያውቅ ነበር! ሸሽቶ ነው አሉ፤ ድንበር ማዶ ሚስት አግብቶ ነው አሉ። እናቴ እስክትሞት ውሃ የምትቀዳው ሌሎቹ ሴቶች ከተመለሱ በኋላ ነው። የሙት ሥርዓት እንኳ አላደረግንለትም። ሞተ ያለን የለማ።» የጓንቱን አውራ ጣት በሁለት ጣታቸው ያዙት። «እኔ ደግሞ፣ ሞኝነት ነው፣ ግን እጁ በርዶት ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። በኔ ጓንት።»

የያንግዞም ብርጭቆ አፏ ሳይደርስ ቆመ። ሻዩ ላይ የተጋገረውን ስልባቦት ስታይ ቆይታ፣ ሳትጠጣው መልሳ አስቀመጠችው።

ያን ጊዜ ያንግዞም ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የቻይና ወታደሮች ድንበሩን ጥሰው ሲገቡ መንደሩ ባዶ ሆነ። አባቷ ግን እናቷ የስድስት ቀን አራስ ስለነበረች መሸሽ አልቻለም። ከወገን ጦር ተነጥሎ የቀረውን ወታደር ያገኘችው ራሷ ያንግዞም ናት፤ ከላሞቹ ጋራ ድርቆሽ ውስጥ ተኝቶ። እግሮቹ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በብርድ ጠቁረዋል። ቋንቋቸው አይገናኝም። ገንፎ ስትወስድለት ሁለት እጆቹን አነሣላት፤ የሁለቱም ጓንት አውራ ጣት ወደ አንድ ወገን ነው። ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ መዳፉን ከደረቱ ላይ አድርጎ ይህን ያህል ቁመት አላት ብሎ አሳያት፣ በሁለት ጣቱ ሹራብ እንደሚሠራ ሰው አደረገ፣ ዓይኑን አጥብቦ ምላሱን በጥርሱ ያዘ። የሠራችለት ትንሽ ልጅ መሆኗ፣ ሥራውም ልጅቷን እንዳስጨነቃት ገባት። ስሙን ስላላወቀች በራሷ ቋንቋ «ጋሼ» ትለው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሞተ። መሬቱ በረዶ ሆኖ ዶማ አይገባውም። እሳት ከተነሣ ጭሱን ከታች ያሉት ወታደሮች ያዩታል። ደግሞም በእነሱ ዘንድ ሙት የሚሸኘው በወንዝ ነው፤ ሬሳው መቶ ስምንት ቦታ ተከፍሎ ለውሃው ይሰጣል። ያን ሥራ የሚሠራው ሰውዬ ግን ሸሽቷል። ስለዚህ አባቷ፣ ዶሮ እንኳ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው ጌንደን፣ ሬሳውን በጀርባው አዝሎ ወረደ። ያንግዞምን ከቋጥኝ ጀርባ አስቀመጣት። አላየችም፤ ሲቆጥር ግን ሰምታዋለች። ስልሳ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። ብዙ ቆይቶ ስልሳ አንድ አለ።

የወገን ጦር ተመልሶ ሲመጣ፣ የጠፉትን ያየ ሰው አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አባቷ አላየሁም አለ። ቤት ሲገባ እጇን ይዞ «እነሱ ሙታቸውን በእሳት ነው የሚሸኙት» አላት። «ቢላ አነሣህበት ይሉኛል። እኔ አላየሁም፤ አንቺም አላየሽም።» በየዓመቱ በዚያ ወር አንድ የቅቤ መብራት ያበራ ነበር። እሱ ሲሞት እሷ ቀጠለች። ይኸው ሃምሳ ሁለተኛው ነው።

በማግስቱ እትዬ ሃንሲ ከቀትር በኋላ ሊመለሱ ነበር። ጠዋት ገዳሙን ልሳለም ስላሉ ሦስቱም ወጡ። ያንግዞም ሌሊቱን ዓይኗ አልተከደነም፤ ልናገር ስትል የአባቷ ድምፅ ስልሳ ላይ ይቆምባታል።

በመብራት ቤቱ የሚያገለግሉት ሽማግሌ መነኩሴ ለእትዬ ሃንሲ ቅቤ የሞላው ጽዋ አቀበሏቸው። በጎናቸው ሁለት መደርደሪያ አለ።

«ለሕያው ነው ለሙት?»

«እንዴት?»

«በቀኝ የሕያዋን ነው፣ በግራ የሙታን። ጸሎቱ ይለያያል።»

እትዬ ሃንሲ በአንድ እጃቸው ጽዋውን፣ በሌላው የሚነደውን ጧፍ እንደያዙ ቆሙ። ቀኙን አዩ፣ ግራውን አዩ።

«እኔ እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «ሁለቱም ጋ ማድረግ አይቻልም?»

«እንዴት ይሆናል እማማ» አሉ መነኩሴው በለሆሳስ።

«እንግዲያው ይቅር።» ጧፉን እፍ ሊሉ ጎንበስ አሉ።

«ለሙት ነው» አለች ያንግዞም።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ቃሉ ወጥቷል። «በግራ ያድርጉት፣ እትዬ ሃንሲ። ጓንቶቹን አይቻቸዋለሁ። የሞተው እኛ ቤት ነው።»

ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ያረፈበት ደረጃ ላይ አስቀምጣቸው አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ድርቆሹን፣ አራስ እናቷን፣ ወንዙን፣ ቢላውን፣ ቁጥሩን። እትዬ ሃንሲ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ብቻውን ነበር?»

«አይደለም። አባቴ እጁን ይዞት ነበር። እኔ እግሩ ሥር ነበርኩ።»

«ከዚያ በኋላ አላየሁም አለ፤ አባትሽ።»

«አዎ።»

«አንቺም አድገሽ፣ አግብተሽ፣ አርጅተሽ አላየሁም አልሽ።»

«አዎ።»

«እናቴ እኮ ለብቻዋ ነው ውሃ ስትቀዳ የኖረችው!» ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። ተነሱና ሄዱ።

በዚያ ሰዓት ምእመናኑ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ቤተ መቅደሱን ይዞሩታል፤ ሁሉም ግድግዳውን በቀኛቸው አድርገው። እትዬ ሃንሲ በግራቸው አድርገውት፣ ሰው ሁሉ የሚመጣበትን ፊት ለፊት እየገፉ ሄዱ። በዚያ ግቢ በዚያ በኩል የሚዞር ሰው የለም። አሮጊቶቹ አፋቸውን ያዙ።

«አክስቴ፣ ልመልሳቸው እንጂ» አለ ጃምቤ። «ኃጢአት ነው።»

«ተዋቸው።»

አንድ ዙር ጨርሰው መጡና ሳያዩዋት አለፉ። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ ያንግዞም ጫማዋን አስተካክላ ተነሳች። በስልሳ አንድ ዓመቷ አንድም ቀን በዚያ በኩል ዞራ አታውቅም። ከጎናቸው ገባች፤ ግድግዳውን በግራዋ አድርጋ አብራቸው ዞረች። አንዲት ጎረቤቷ «ያንግዞም፣ ምን ነካሽ?» አለቻት። በሦስተኛው ዙር እትዬ ሃንሲ አረማመዳቸው ቀነሰ። በአራተኛው ክርኗን ያዙ።

«እጁስ?» አሉ፣ ወደፊት እያዩ። «እጁ በርዶት ነበር?»

«የጠቆረው እግሩ ነው። እጆቹ ደህና ነበሩ። ጓንቶቹን አባቴ ነው ከሞተ በኋላ ያወለቀለት፤ ውስጣቸው ገና ሞቃት ነበር። ተቀብዬ ነክቻቸዋለሁ።»

እትዬ ሃንሲ ቆሙ። ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ ወደ መብራት ቤቱ ገብተው ጽዋውን በግራው መደርደሪያ ላይ አበሩት።

ወደ ወንዙ ለመውረድ ጃምቤ አንድ ሰዓት ነዳ። የጸሎት ጨርቆች የሚርገበገቡበት የብረት ድልድይ ላይ ሲደርሱ ያንግዞም ከታች ያለውን ዝርግ ድንጋይ አሳየቻቸው። እትዬ ሃንሲ በሁለቱ ተደግፈው ወረዱ፤ ውሃ በመዳፋቸው ዘግነው አናታቸው ላይ አፈሰሱ። አንድ ጊዜ ብቻ «ኩንዳን!» ብለው ተጣሩ።

«ይሄ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ቡታን ይገባል» አለ ጃምቤ። «ከዚያ ሜዳውን ይዞ ወርዶ ትልቁን ብራህማፑትራን ያገኛል። ባንግላዴሽ ሲደርሱ ደግሞ ከቅዱሱ ወንዝ ከጋንጋ ይቀላቀላሉ።»

«እውነትህን ነው?»

«እማማ፣ እኔ ትምህርት ቤት የወደቅኩት በሒሳብ ነው እንጂ በካርታ አይደለም።»

«እኛ አመዱን ነው ለጋንጋ የምንሰጠው» አሉ እትዬ ሃንሲ፣ ለውሃው እንደሚነግሩ። «መንገድ ረዘመበት እንጂ ደርሷላ።» ከዚያ ወደ ያንግዞም ዞሩ። «ጓንቶቹንስ ምን አደረጋችኋቸው?»

ያንግዞም አቀረቀረች። «እኔ አጠለቅኳቸው። ሁለት ክረምት ላሞች ስነዳ። አለቁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«በሁለት ግራ እጅ ላም ነዳሽ?»

«ላሞቹ አላወቁም።»

እትዬ ሃንሲ ከመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁ ከዕንባ ጋር ተደባለቀ። ግራጫውን ጓንት ከቦርሳቸው አወጡ። ወደ ውሃው ሊጥሉት ነው ብላ ስታስብ የያንግዞምን ቀኝ እጅ ሳቡና አንድ በአንድ ጣቶቿን እያስገቡ አጠለቁላት። ጓንቱ ሰፋት፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ባዶ ሆነው ተንጠለጠሉ።

«ግራውን ጨርሰሽዋል» አሉ። «ቀኙ ይኸው።»

ሽቅብ ሲመለሱ ያንግዞም ጃምቤን ወደ ቤት እንዳይታጠፍ ነገረችው። የመታሰቢያው ግቢ ቢሮ በር ላይ ከእትዬ ሃንሲ ጋር ወረደች። ስለ ኩንዳን ያየችውን አንድ በአንድ ተናገረች፤ የተቀመጠው ወጣት ወታደር እየጻፈ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሲጨርስ መልሶ አነበበላትና ቀለሙን ወደ እሷ ገፋው።

«እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን ያሳርፉ፣ እናቴ።»

ያንግዞም ጓንቱን አወለቀች፤ ቀለም እንዳይነካው ለእትዬ ሃንሲ ሰጠቻቸው። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አጥብቃ ጫነችው። ከዚያ ጣቷን በቀሚሷ ጥርግ ጥርግ አድርጋ፣ ጓንቱን መልሰው እንዲያጠልቁላት እጇን ዘረጋች።