አብረው የተገለጡት ሁለት ወረቀቶች

ቀይዋ መብራት ስትበራ የሙዚቃ መቅረጫው ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድንጋይ ይሆናል። ማሳል የለም፤ እግር ማነባበር የለም፤ ምራቅ መዋጥ እንኳ በልክ ነው። የአየር ማናፈሻው ስለሚያጉረመርም ጠፍቷል፤ መስኮት የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም የለም፤ በሩም ድርብ ነው። ታናሽ እህት ከፒያኖው በስተግራ፣ መደገፊያ በሌላት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ላብ በጀርባዋ ሲወርድ አንድ ጊዜም ሳትነቃነቅ ትታገሠው ነበር።

ሥራዋ ወረቀት መግለጥ ነው። ታላቅ እህቷ ስትጫወት ኖታውን በዓይኗ ትከተላለች፤ ታላቋ አገጯን ዝቅ ስታደርግላት ብድግ ትልና በግራ እጇ የገጹን የላይኛውን ጫፍ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ገልጣ ትቀመጣለች። ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ አድርጋለች። ነገሩ የተጀመረው ታላቋ አንድ ምሽት መድረክ ላይ በቃሏ ስትጫወት፣ መሃል ላይ ጠፍቶባት እጇን ጭኗ ላይ ጥላ የቀረች ጊዜ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ኖታ ሳይዘረጋላት ፒያኖ አልነካችም። «ለጊዜው ነው፣ ሚጢ» አለቻት። ሚጢ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግባትም ሚጢ ናት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሚጢ የተማረችው ዘር መመርመር ነው፤ የትኛው ፍሬ እንደሚበቅል፣ የትኛው እንደመከነ መለየት። ሩቅ ከተማ ያለ አንድ የዘር መመርመሪያ ጣቢያ ቋሚ ሥራ ሰጥቷታል። የጣቢያው ኃላፊ ሁለት ጊዜ ቀን አራዝመውላት፣ ዛሬ ጠዋት በስልክ፦ «ልጄ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልደወልሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብለዋታል። ይህን ለእህቷ የነገረቻት ምሳ ላይ ነበር።

«ዛሬ?» አለች ታላቋ ዳቦዋን እየቆረሰች። «ሁለተኛውን ዲስክ የምንቀርጸው እኮ በሚቀጥለው ወር ነው። ከዚያ በየከተማው መዞሩ አለ።»

«የምን ሁለተኛ?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ለማን?»

«ለሁለታችን ነዋ! ያለ አንቺ አንድ መስመር መጫወት እንደማልችል እያወቅሽ…»

ሚጢ ይህን እውነት ነው ብላ ታምን ነበር። ጥላት ብትሄድ ፒያኖውን በእህቷ ጣቶች ላይ የዘጋችው ያህል ነው። ያንን ደግሞ አንጀቷ አይችልም።

ዲስኩ በሙሉ የአንድ ሩሲያዊ ድርሰቶች ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ለፒያኖ ብቻ የጻፋቸው። አሁን የሚቀረጸው የመጨረሻው ሲሆን፣ ደወል በሚመስሉ ከባድ ምቶች ይጀምራል፤ መሃሉ ላይ የሚያባርሩት ይመስል ይሮጣል፤ ከዚያ እንደ ደከመ ሰው ዝግ ብሎ ይመለሳል።

ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያው ነው። ሥራው ሁሉ «ዝም በሉ» ማለት ስለሆነ ስሙን ዝምታ ብለውታል። ከመጀመራቸው በፊት በድምፅ ማጉያው «የወረቀቷ እመቤት!» ብሎ ተጣርቶ ነበር። «ቅድም ስትገልጪ ዶሮ የምትነጪ ነው የመሰለኝ።»

«ጣቴን ቆርጬ ልስጥህ?»

«ድምፅ ካላሰማ።»

ሩጫው ውስጥ እንደገቡ ታላቋ አገጯን ዝቅ አደረገች። ሚጢ ተነሣች፤ በላብ የረጠበ ጣቷ ጫፉን ያዘ፤ ገልጣ ተቀመጠች። ዓይኗን ወደ ኖታው መለሰች። ሁለት ወረቀት ተጣብቆ አብሮ ተገልጧል። ፊታቸው የተዘረጋው ዝግ ያለው መመለሻ ነው፤ የእህቷ እጆች ግን ገና እየሮጡ ናቸው።

ልትመልሰው አትችልም፤ አሁን ወረቀት ቢንኮሻኮሽ የቀኑ ምርጥ ቅጂ ገደል ገባ። የምትችለው ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀብራ መጠበቅ ብቻ ነው። አሁን ትቆማለች። አሁን እጇ ጭኗ ላይ ይወድቃል።

አልቆመችም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ የምትጫወተው ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ሚጢ ነገሩን እንደ ዘር ፍሬ አገላብጣ አየችው። ጥቂት መስመር ታስታውስ ይሆናል፤ ጣት ከልማድ የማይሠራው የለም። ከዚያ የተዘለሉት ገጾች የሚያልቁበት ቦታ ደረሰ፤ ልክ እዚያች ላይ ታላቋ አገጯን ዝቅ አደረገች። ፊቷ ያልነበረን ገጽ ግለጪልኝ ማለቷ ነው።

ሚጢ እጇን ከጭኗ ላይ አላነሣችም።

መጮኽ፣ በሩን በርግዳ መውጣት አማራት፤ ቀይዋ መብራት ግን በርታለች። ዘጠኝ ዓመት የያዛት ገመድ ጫፉ የትም እንዳልታሰረ ያወቀችው፣ መነቃነቅ በተከለከለበት ወንበር ላይ ሆና ነው። ዝግ ያለው መመለሻ መጣ፤ ታላቋ አንዴ ደግማ አገጯን ዝቅ አደረገች፤ ሚጢ አልገለጠችም፤ ሙዚቃውም አልቆመም። የመጨረሻው ምት ተመታ። የፒያኖው ገመዶች ድምፅ ጨርሶ እስኪሞት ማንም አይላወስምና፣ ሁለቱ እህቶች ጎን ለጎን ደርቀው ጠበቁ።

መብራቷ ጠፋች።

«ይህ ነው እንጂ!» አለ ዝምታ። «ወረቀቱ እንኳ አልተሰማኝም። ለመጠባበቂያ አንዴ እንድገመውና ወደ ቤታችን።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው በቃልሽ የያዝሽው?» አለች ሚጢ።

«ምኑን?»

«እትዬ፣ ሁለት ወረቀት አብሬ ነው የገለጥኩት። አንቺ ግን ያላየሽው ገጽ ሲያልቅ ምልክት ሰጠሽኝ።»

ታላቋ መሀረቧን አውጥታ ያልቆሸሹትን የፒያኖ ቁልፎች ትጠርግ ጀመር።

«ሁሌም በቃሌ ነው» አለች። «ያኔም የጠፋብኝ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ… ብቻዬን ነበርኩ። ጎኔ ሰው ሲኖር አይጠፋብኝም።»

«ዘጠኝ ዓመት፣ እትዬ!»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር።»

«አዎ፣ እሄድ ነበር!»

«ታዲያ!»

ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ… ማይክሮፎኑ ክፍት ነው።»

«ይሁን!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ሚጢ ኖታውን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«እሱን አትውሰጂብኝ» አለች ታላቋ፤ ድምፅዋ የሕፃን ሆነ። «ሚጢ…» ሁለተኛው በር ሲዘጋ ቃሉ ከመሃሉ ተቆረጠ።

ሚጢ ወደ ዝምታ ክፍል ስትገባ ሰዓቱ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይል ነበር። «ቀይዋን ላብራ?» አላት።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

አበራ። ታላቋ ባዶውን የኖታ ማስቀመጫ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ደወሎቹ ጀመሩ። ሩጫው መሃል አንድ ጣት ሳተ፤ ትከሻዋ ዘለለ። እጇ አልወደቀም። ቀጠለች።

«ሳተች» አለ ዝምታ።

«ሰምቻለሁ።»

ወዲያው ታላቋ ወደ ባዶው ወንበር አገጯን ዝቅ አደረገች። ከመስታወቱ ወዲህ የሚጢ ግራ እጅ ሳታዘው ብድግ አለ፤ ሁለት ጣቶቿ አየር ቆንጥረው ቆሙ። ዝምታ አይቶ እንዳላየ ዓይኑን ወደ መሣሪያው መለሰ። እሷ እጇን አውርዳ ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት፤ በሌላው ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አቤት ልጄ፣ ምን ወሰንሽ?» አሉ ኃላፊው።

ታላቋ እንደገና አገጯን ዝቅ አደረገች። ጭኗ ሥር ያለው እጅ ተነቃነቀ።

«እመጣለሁ» አለች ሚጢ። «ሰኞ እገባለሁ።»

«እሰይ! ምነው ታዲያ ድምፅሽ አነሰ? የተኛ ሰው አለ እንዴ?»

ሚጢ ከመስታወቱ ማዶ ያለችውን ቀይ መብራት አየቻት።

«የለም» አለች፣ አሁንም በሹክሹክታ። «መብራቱ በርቶ ነው።»