ያልታሰረው ጨዋ

የጎረቤታችን ውሻ ስሙ ጨዋ ነው። ስሙን ያወጡለት ጡረታ የወጡት ዳኛ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ስም ሳይስቁ ለማውጣት ሠላሳ ዓመት ችሎት ላይ መቀመጥ ሳያስፈልግ አይቀርም። ጨዋ ጥጃ የሚያክል ቡናማ ውሻ ነው። አንገቱን ማሰሪያ ነክቶት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ሕንጻችን አጠገብ ያለው መናፈሻ ውስጥ ይለቁትና እሳቸው ጋዜጣቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ቀዝቀዝ ባለ ቀን ደግሞ በሩን ከፍተው ብቻውን ይሰዱታል። ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ውጪ ታሳድራለች እንደሚባለው፣ እሱም የሯጭ እግር ስር ይገባል፣ የሰው ዳቦ ይነጥቃል። ሰው ሲጮህ ዳኛው ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ፣ "አይዞህ፣ አይናከስም! መጫወት ፈልጎ ነው!" ይላሉ።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። የሰው ዳቦ የሰው ነው። ያልቻልኩት ባለቤቴ ላይ ሲመጣ ነው።

ባለቤቴ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ሐኪሙ፣ "በየቀኑ በእግርሽ ካልሄድሽ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ ይቀራል" ብሎ አስጠንቅቋታል። የእኛ ቤት ሦስት እርምጃ ከሄዱ ግድግዳ ነው፤ ደልዳላ መሬት ያለው መናፈሻው ብቻ። በምርኩዝ ጀምራ ከበሩ እስከ ዛፉ፣ ከዛፉ እስከ አግዳሚ ወንበሩ ደርሳ ነበር። አንድ ቀን ግን ጨዋ ከኋላዋ መጥቶ ምርኩዙን ነጠቃት። እንጨት ሲያይ አያስችለውም። እሷ ሣሩ ላይ ተዘረጋች፣ እሱ ምርኩዙን በአፉ ይዞ መናፈሻውን ሁለቴ ዞረ። አጥንቷ ደህና ነው፤ ድፍረቷ ነው የተሰበረው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደጃፍ አልወጣችም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻ ነበር፤ ጉልበቷም በየቀኑ እየደረቀ ሄደ። እኔ ማታ ማታ የሚሰማኝ ፍርሃት ነበር፤ ቁጣ አስመስዬ ያዝኩት።

ዳኛው ቤት ሄጄ አንኳኳሁ።

"ማስረጃ አለህ?" አሉኝ።

"ምን ማስረጃ? የጣላት የእርስዎ ውሻ ነው!"

"ቡናማ ውሻ በዚህ ሰፈር ሞልቷል። ጨዋ በዚያ ሰዓት ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ነበር።" በሩን በትሕትና ዘጉት። ካልታዘልኩ አላምንም ያለች ሙሽራ ከእሳቸው ጋር ስትተያይ የዋህ ነች።

የመናፈሻው ኮሚቴ ከብዙ ስብሰባ በኋላ ማስታወቂያ ይተከል አለ። ጻፊው እኔ ነኝ። እንጀራዬ ነው፤ የሱቅ ስም፣ የክሊኒክ ቀስት፣ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ሁሉ የእኔ እጅ ነው። በእኛ ሥራ ፊደል በቅርብ አይታይም። አንዷን ትጽፍና አስር እርምጃ ወደ ኋላ ሄደህ፣ አንገትህን ዘንበል አድርገህ ታያታለህ። ባለቤቴ፣ "እኔንም ያየኸኝ ወደ ኋላ እየሄድክ ነው፣ ቦይ ውስጥ እስክትገባ" ትለኛለች። ሐሰት አይደለም።

ሥራውን በጀመርኩበት ቀን ጠዋት መናፈሻው በር አጠገብ በተተከለ ሰማያዊ ቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ፣ በነጭ የዘይት ቀለም፣ "ውሻዎን ሳያስሩ አይግቡ" እየጻፍኩ ነበር። "ሳ" ላይ ደረስኩ። በንዴት ስለጻፍኳት ከእህቶቿ ወፈር ብላለች። የቀለሙን ጣሳ ክፍቱን መሬት ላይ ትቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። አስረኛው እርምጃ ላይ አንገቴን ዘንበል ሳደርግ ቡናማ ነገር በፊቴ አለፈ። ጨዋ ጣሳውን ገለበጠ፣ በአራቱም እግሩ ጨፈረበት፣ ከዚያ ወደ ቤቱ በረረ።

ተከተልኩት። ነጭ ዱካ ከመናፈሻው በር እስከ ሕንጻችን፣ በኮሪደሩ፣ በእኛ ደጃፍ አልፎ ገርበብ ወዳለው የዳኛው በር ይገባል። ከዚያ ምንጣፉ ላይ። ከዚያ ሶፋው ላይ። ከዚያ ለማስታወሻ ግድግዳ ላይ በሰቀሉት ጥቁር የችሎት ካባ ላይ፣ ሁለት መዳፍ፣ ማኅተም መስሎ።

ዳኛው በቢጃማ ወጥተው ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ።

"የማን ቀለም ነው? ክፍት ጣሳ በሕዝብ መናፈሻ! ባለቤት የለውም?"

እውነታቸውን ነው፤ ጣሳው የእኔ ነው፣ አልከደንኩትም። የሦስት ሳምንት ንዴቴ እፍረት ሆነብኝ።

ያኔ ከእኛ በር የባለቤቴ ድምፅ መጣ። በምርኩዟ ተደግፋ ቆማለች።

"አይዞዎት፣ ክቡር ዳኛ። አይናከስም። መጫወት ፈልጎ ነው።"

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው አልሳቁም። ዱካውን ከምንጣፋቸው ጀምረው በዓይናቸው ተከተሉት፤ እሷ እግር ዘንድ ሲደርሱ ምርኩዙ ላይ የተተከለውን የጥርስ ምልክት አዩ።

"እጅ ከፍንጅ" አሉ ቀስ ብለው። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።"

"ይቅርታው ይቆይ። አንተ ጣሳህን አልከደንክም፣ እርስዎ ውሻዎን አላሰሩም። ሁለታችሁም እኩል ታጸዳላችሁ" አለች። ይግባኝ የለውም። እኔና ክቡርነታቸው እስከ ምሳ ሰዓት በጉልበታችን ተንበርክከን ኮሪደሩን በነጭ ጋዝ ፈተግን።

በማግስቱ "ያ" ላይ ስደርስ ዳኛው መጡ። መጡ ከማለት ተጎተቱ ማለት ይቀላል፤ አዲስ ገመድ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ ጨዋ ከፊት ይስባቸዋል። በዚያው ሰዓት ባለቤቴ መናፈሻው በር ላይ ብቅ አለች። ውሻው ምርኩዙን አየ። ዘለለ። ዳኛው ሣሩ ላይ በደረታቸው ተነጠፉ፤ ገመዱን ግን አልለቀቁም።

"ሂጂ ልጄ!" ብለው ጮኹ ከመሬት ላይ ሆነው። "ይዤዋለሁ! ሂጂ!"

እሷ ገመዱን አየች። ምርኩዟን አጥብቃ አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ሌላ። ከበሩ ወደ ዛፉ።

ጣሳዬን ከደንኩ፤ ክዳኑን በእግሬ ረግጬ አጠበቅኩት። ከዚያ አስር እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ አየኋት።