የኮሶዬ ሦስተኛዋ ጉድጓድ

ሻለቃ አንዳርጋቸው የመቷት ኳስ ፈፋው ውስጥ ስትገባ ማንም አልሳቀም። ትንሿ ነጭ ኳስ ከአፋፉ ላይ አንድ ጊዜ ነጥራ፣ ብልጭ ብላ ጠፋች። ከታች ከድንጋይ ጋር ስትላተም ድምፁ ዘግይቶ ተሰማ። ሻለቃው ዱላቸውን እንደያዙ ፈፋውን ለጥቂት ጊዜ ትክ ብለው አዩት፤ ይቅርታ እስኪጠይቃቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ከኪሳቸው ሌላ ኳስ አወጡና መቱ። እሷም የፊተኛዋን ተከትላ ወረደች።

"ነፋሱ ነው" አሉ።

"ነፋሱ ነው እንጂ ጓድ ሻለቃ" አለ የውሃ ሥራ ቢሮው ኃላፊ ጓድ በላቸው። የመስኩ ሣር ግን ንቅንቅ አላለም።

ሦስተኛዋ ኳስ እንደ ምንም ተሻግራ ከማዶው ደልዳላ ዳር ላይ አረፈች። በጎልፍ የሚያሸንፈው ባነሰ ምት ጉድጓድ ያስገባ ነው፤ ፈፋ የገባች ኳስ ደግሞ ከነቅጣቷ እንደ ሁለት ምት ስለምትቆጠር ሻለቃው ማዶ የደረሱት አምስት ምት ጨርሰው ነው።

ይህን ሁሉ ከጎን ቆሞ የሚያየው የቢሮው መሐንዲስ አስማረ ላብ አጠመቀው። ኮሶዬ ላይ፣ ያውም በጠዋት፣ ሰው አያልበውም። እሱን ያላበው ተራው መድረሱ ነበር። የመጣው ሊሸነፍ ነው፤ ሻለቃው ግን እንዲህ ከተጫወቱ እሳቸውን ማሸነፍ እንጂ በእሳቸው መሸነፍ ቀላል ሥራ አልነበረም።

አስማረን ጎልፍ ያስተማረው ከአብዮቱ በፊት መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ እስኮትላንዳዊ ነው። ሰውዬው በደባርቅ መንገድ ዳር ያለውን የኮሶዬን መስክ፣ ጉሙንና ብርዱን ሲያይ አገሩ የገባ መሰለውና ሦስት ጉድጓድ አስቆፈረ። በየጉድጓዱ አንዳንድ የወተት ቆርቆሮ ቀበረ። አብዮቱ ሲመጣ አገሩ ገባ፤ ዱላዎቹንና አንድ ከረጢት ኳስ ግን ለአስማረ ትቶለት ሄደ። የኮሶዬ ሰው ጨዋታውን "የፈረንጅ ገና" ይለዋል። ገና እንዳይባል ተጋጣሚ የለበትም፣ ግንባሩን የሚፈነከት የለም፤ አንድ የተማረ ሰው ብቻውን ዱላ ይዞ እንቁላል የምታክል ነገር ሲያባርር ይውላል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ቢሻው መጀመሪያ ያዩት ዕለት፣ ምነው፣ ይኸ ሰው ሚስት የለውም እንዴ ብለው ጠይቀው ነበር ይባላል።

ሁለቱ ጉድጓዶች ለማንም አይከብዱም። የሦስተኛዋ ነገር ግን ሌላ ነው። ከመነሻው ፊት ለፊት ፈፋው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከፈፋው ማዶ ጠበብ ያለ ደልዳላ አለ፤ የጉድጓዷ ምልክት የሆነችው ባንዲራ እዚያ ላይ ነች። ከባንዲራዋ ጀርባ ደግሞ መሬቱ ወደ ቆላው ቁልቁል ይሄዳል። ኳሷ ካነሰች ፈፋ፣ ከበዛች ገደል ነው። አስማረ ለዓመታት ፊት ለፊት እየመታ የፈረንጁን ኳስ ለፈፋው ሲገብር ኖረ። አንድም ቀን ተሻግሮለት አያውቅም። ከረጢቱ ሊራቆት ሲል ነው ልብ የገዛው። መጀመሪያ በአጭር ዱላ ወደ ግራ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች ሥር ጦም ወዳደረው እርሻ። ከዚያ በአፋፉ አግድም፣ ፈፋው ጠብቦ ፍየል ወደምትዘለው አንገት። ከዚያ በዝቅታ ተሻግሮ ከባንዲራዋ ወዲህ ማሳረፍ፤ ወዲያ ማሳለፍ በፍጹም አይገባም። ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ ሲያደርጋት በአምስት ምት ትገባለች። ክብር የለውም፤ ግን ኳስ አይጠፋም። ሆስፒታል ነርስ የሆነችው ሚስቱ መንበረ ይህን ብልሃት ሲያወራላት፣ ገደል በእግር እንጂ በዓይን እንደማይታለፍ ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት መማር ነበረብህ ወይ ብላ ስቃበታለች።

የዛሬውን ግጥሚያ ያመጣው የጓድ በላቸው አፍ ነው። ሻለቃው የልማት ዘመቻ ኃላፊ ሆነው ጎንደር ከተሾሙ ገና ወራቸው ነው። በንጉሡ ጊዜ ባሕር ማዶ ሲሠለጥኑ ጎልፍ ይጫወቱ እንደነበር በስብሰባ መሐል ጣል ሲያደርጉ፣ በላቸው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እኛም ጋ የሚጫወት ጓድ አለ አለ። ሻለቃው ቀን ቆረጡ።

በላቸው ያለ ነገር አልተንቀለቀለም። የኮሶዬን ምንጭ ጠልፎ ወደ መንደሩ የሚያወርደው ቱቦ ጎንደር መጋዘን ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ሳያይ ተኝቷል። ያለ ሻለቃው ትእዛዝ አይወጣም። እስከዚያው የኮሶዬ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ከፈፋው ሥር ነው። የበላቸው ዕቅድ ቀላል ነበር። ሻለቃው ያሸንፋሉ፣ ደስ ይላቸዋል፣ መንገድ ዳር ካለችው ምግብ ቤት ጥብስ ይቀርባል፣ ጥብሱ ሲጋመስ የቱቦው ነገር ይነሣል። አያ ቢሻው ይህን ሰምተው ማኅበሩን ሰበሰቡ፤ ማኅበሩም አቶ አስማረ እንዲሸነፍ በጭብጨባ ወሰነ።

ችግሩ አንድ ነው። ሻለቃው በፊት በነበሩበት መሥሪያ ቤት በፒንግ ፖንግ ሆን ብሎ የተሸነፈላቸውን ሰው አዲ አርቃይ አዛውረውታል ይባላል። አዲ አርቃይ ክፉ አገር አይደለም፤ ግን በፒንግ ፖንግ ሰበብ የሚኬድበት አገር አይደለም። ስለዚህ አስማረ መሸነፍ አለበት፣ ሲሸነፍም መታወቅ የለበትም። መንበረ የመከረችው የምታውቀውን ተጫወት ብላ ነበር። አምስት ምት ትሑት ሰው የሚጫወተው ነው፤ ሻለቃው በአንድ ምት ፈፋውን ተሻግረው በሦስት ይጨርሳሉ፣ ማንም ማንንም አይጠረጥርም። በላቸው በበኩሉ ምልክት ሰጠው። ጨዋታህ ካማረ እስላለሁ አለው።

ሁለቱ ጉድጓዶች በበላቸው ሳል እየታገዙ እኩል ለእኩል አለቁ። ሦስተኛዋ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረች። አሁን አስማረ በሚያውቀው መንገድ ቢዞር ያሸንፋል።

በላቸው ሳለ።

አስማረ አጭሩን ዱላ መልሶ ረጅሙን አነሣ። ለዓመታት ከድቶት በማያውቀው በፈፋው ላይ እምነቱን ጣለ። ለመሳት ነውና ትከሻውን አላጠነከረም፣ ትንፋሹን አልያዘም፣ ባንዲራዋንም አላየም። እንዲያው ዱላውን ወደ ኋላ ወስዶ ለቀቀው።

ኳሷ ተነሣች። ከፈፋው በላይ ሄደች፣ ሄደች፣ ከጥዶቹ ጫፍ ከፍ አለች፤ ማዶ ላይ አንድ ጊዜ ነጥራ ከባንዲራዋ ሥር እንደ ታዘዘች ቁጭ አለች።

አፋፉ ላይ እንስራቸውን አስቀምጠው ያዩ የነበሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ የማኅበሩ ውሳኔ ትዝ አላቸውና እልልታው ከመሐል ተቆረጠ። አያ ቢሻው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሁሉም በፈፋው አንገት በኩል ዞሮ ማዶ ተሻገረ። ሻለቃው በሁለት ምት ጨረሱ፤ በጠቅላላው ሰባት ማለት ነው። አስማረ ገና አንድ ነው። ዱላውን አንሥቶ ገፋት፤ በግራ ሳታት። እንደገና ገፋት፤ በቀኝ ሳታት። ያ ፈረንጅ ጉድጓዷን የቆፈራት ስርጉድ ያለ ቦታ ላይ ስለነበረ፣ ኳሷ ብታመልጥም እየተንከባለለች ትመለሳለች። ወደ ላይ ቢመታት ወረደች፤ ወደ ጎን ቢመታት ዞረች። አራት ጊዜ ሳተ። በላቸው ያለ ማቋረጥ ሲስል ቆይቶ ሳሉ የእውነት ሆነና ፊቱ ቀላ፣ እንባው መጣ።

"ለዚህ ሰው ውሃ ስጡት" አሉ ሻለቃው።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመሐላቸው ወርቅውሃ የምትባለው የልጆች እናት ባዶ እንስራዋን አዘለችና በቀጭኑ መንገድ ወደ ፈፋው ወረደች።

ሻለቃው ወደ አስማረ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ጓድም አላሉትም።

"አስማረ፣ እኔ ተኩስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የማይችል ሲስትና የሚችል ሲስት ለይቼ አውቃለሁ። ምንድን ነው የምትሠራው?"

አስማረ በሐሳቡ ወደ ግራ፣ ወደ ጥዶቹ ዞረ። ወገቤን ያመኛል ሊል ይችላል። ሣሩ ጤዛ አለበት ሊል ይችላል። የአዲ አርቃይም መንገድ ታየው። ግን ጉልበቱ አለቀ፤ ሲስት መዋል ከመምታት ይልቅ ያደክማል።

"ቱቦ ፈልገን ነው ጓድ ሻለቃ" አለ።

"የምን ቱቦ?"

ስለ ምንጩ፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ምሳው ሁሉ አጫወታቸው። ሻለቃው ሳያቋርጡ ሰሙ።

"ታዲያ ምን አስፈራችሁ? ማን ጠይቆኝ ማንን ከለከልኩ?"

"ከጥብሱ በኋላ ልንጠይቅዎት ነበር። ካሸነፉን በኋላ።"

"ይህን ማን ነው የመከረህ?"

በላቸው መሳሉን ለአፍታ አቆመ። አስማረ ዓይኑን ወደ ባንዲራዋ መለሰ። ያን ጊዜ አያ ቢሻው ወደፊት ወጡ።

"ማኅበሩ ነው ጌታዬ። ጓዴ ማለቴ። በጭብጨባ ወሰነ።"

ሻለቃው ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ አልታወቀም። ዘወር ብለው ውሃው የት ደረሰ ብለው ጠየቁ። አያ ቢሻው ክንዳቸውን በአክብሮት ይዘው ወደ አፋፉ ወሰዷቸውና በዘንጋቸው ወደ ታች አመለከቱ።

"ያቻትና። አሁን ገና መድረሷ ነው።"

ወርቅውሃ ከፈፋው ሥር የጣት ጥፍር ታህል ነበር። እንስራዋን ሞልታ አዘለች፤ መውጣት ጀመረች። ጥቂት ወጣችና እንስራዋን በጀርባዋ እንዳዘለች ድንጋይ ላይ አስደግፋ አረፈች። እንደገና ወጣች፣ እንደገና አረፈች። አንድ ቦታ ላይ በእጇ መሬት ይዛ ተራመደች። ሻለቃው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው እያዞሩ ያያሉ። ኋላቸው በላቸው ይስላል።

ስትደርስ በቅል ቀድታ ለበላቸው ሰጠችው። በሻለቃው ዓይን ሥር እስከ አተላው ጠጣ። ከዚያ መቀነቷን ፈታ አድርጋ ሁለት ኳስ አወጣችና ለሻለቃው በሁለት እጇ አቀረበች።

"የእርሰዎ አዲሶቹ ናቸው መሰለኝ። አሮጌው ብዙ ነው፤ እዚያ ያለው ሁሉ የአቶ አስማረ ነው።"

አስማረ ጆሮው ድረስ ቀላ።

"በቀን ስንት ጊዜ ትወርጃለሽ?" አሏት ሻለቃው።

"እንግዳ ሲኖር ነው ሳይኖር?"

ሻለቃው ኳሶቹን ኪሳቸው ከተቱ። ለራሳቸውም ውሃ ጠየቁና ጠጡ፤ ቅሉን ሲመልሱ አመሰገኗት። ከዚያ ወደ አስማረና ወደ አያ ቢሻው ዞረው፣ "እናያለን" አሉ።

በዚያ ዘመን "እናያለን" የሚባለው ቃል ሁሉም ነገር የሚገባበት ስልቻ ነበር። እሺም ማለት ነው፣ እምቢም ማለት ነው፣ ዕቃህን ጠቅልልም ማለት ነው። ቱቦው ከፋሲካ በፊት በወታደር ማኪና ተጭኖ ኮሶዬ እንደሚራገፍ፣ ወርቅውሃም ቧንቧውን መጀመሪያ የምትከፍተው እሷ እንደምትሆን በዚያች ሰዓት የሚያውቅ አልነበረም። የሚያውቁት ሻለቃው ፊታቸው እንዳልተፈታ ብቻ ነው።

"ጨዋታችንን እንጨርስ እንጂ" አሉ ሻለቃው። "ያንተ ነው።"

ሰው ሁሉ ቆርቆሮዋን ከበበ። ኳሷ ከጉድጓዷ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ነበር፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ አይስታትም። አያ ቢሻው ወደ አስማረ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ "አንተ ልጅ፣ አደራህን፣ ሸጋ አድርገህ አስበህ" አሉት።

አስማረ አሰበ። አሁን ቢከታት ስድስት ለሰባት፣ በአንድ ምት ብልጫ ያሸንፋል። አንድ ጊዜ ስቶ ቀጥሎ ቢከታት ግን ሰባት ለሰባት ይወጣሉ፤ ማንም አያሸንፍም፣ ማንም አይቀየምም፣ ጥብሱም በሰላም ይበላል። በጥዶቹ በኩል ዞሮ እንደመምጣት ያለ፣ ኳስ የማይጠፋበት ብልሃት ነው። ስለ ሦስተኛዋ ጉድጓድ የሚያውቀው ሁሉ ይህን አድርግ ይለዋል።

ቀና ብሎ ሻለቃውን አያቸው። ኮፍያቸውን አሁንም አላደረጉም፤ እየጠበቁት ነው።

አስማረ እግሩን አስተካከለ፣ ዱላውን ከኳሷ ኋላ አሳረፈ፣ ቀጥ አድርጎም ገፋት።