የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል

ወንድሜ ሰዓት ይሰበስባል እንጂ ሰዓት አያከብርም። ዛሬ ና ቢሉት በማግሥቱ ከመጣ ደህና ነው። ቤቱ ግን በሰዓት የተሞላ ነው። ግድግዳው ላይ ባሠራው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አሮጌ የእጅ ሰዓቶች በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። አንዱም አይሠራም። ተበላሽተው ሳይሆን እሱ ስለማይሞላቸው ነው። «ከሠራ ይበላላል» ይላል። እኛ ቤት ስሙ «ሙዚየሙ» ነው። ያወጣችለት እናቴ ናት፤ እሱም ደስ ብሎት ተቀበለው።

ለሙዚየሙ ከሁሉም የሚያምረው ሰዓት ግን ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። አባዬ እጅ ላይ ነበር።

አባዬ ጆሮውን የጣለው ፈትል ፋብሪካ ውስጥ ነው። በማሽኖቹ መካከል ቆሞ ሲሠራ ኖሮ መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋበት፤ ቀጥሎ የእኛ፤ በመጨረሻ የፈረቃ መውጫው ሳይረን ሳይቀር። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እሱ ብቻውን እየሠራ መገኘቱ ሲበዛ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ያንን ሰዓት ገዛ። ባለደወል የእጅ ሰዓት ነው፤ ባትሪ የለውም። በጎኑ ሁለት መሙያ አለው፤ አንዱ ለሰዓቱ፣ አንዱ ለደወሉ። የተቀጠረው ጊዜ ሲደርስ ውስጡ ያለች ሚጢጢ መዶሻ የጀርባ ክዳኑን ትቀጠቅጠዋለች። ለሌላው ሰው ድምፅ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ጢንዚዛ ጢርርር ይላል። ለአባዬ ግን እስከ ክርኑ የሚሄድ ንዝረት ነው። «ይሄ ሰዓት አይጮህም፤ ይነካኛል» ይል ነበር።

የእናቴ ሳንባ ከታመመ ወዲህ ቤታችን በዚያ ሰዓት ላይ ቆመ። እኔ ልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አዲስ የኦክስጅን ሲሊንደር እገጥምላታለሁ፤ እሱ ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ አለፍ አድርጎ ያደርሳታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባዬ ሁለተኛውን ይቀይራል። ችግሩ፣ ሌሊቱን ከእሷ ጋር ሲነቃ ስለሚያድር ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥለዋል። ብትጠራው አይሰማም። ተነሥታ እንዳትነካው ጉልበት የላትም። ስለዚህ ሰዓቱ ይነካዋል፣ እሱ ይነሣል፣ እሷ ትተነፍሳለች። የሚንቀጠቀጥ ስልክም ገዝተንለት ነበር፤ አንድ ቀን ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ይረሳዋል። ሰዓቱን ግን ከእጁ አውልቆ አያውቅም።

ሙዚየሙ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያውቃል፤ ግን በመጣ ቁጥር ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እናቴ ላይ ሳይሆን አባዬ አንጓ ላይ ነበር። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል።

«እትዬ፣ እያንዳንዷ ምት ክዳኑን እየበላችው ነው እኮ» አለኝ አንድ ቀን። «እንደዚህ ኦሪጅናል ክዳን ያለው አሁን የትም አይገኝም። ይሄ ከተበሳ ሌላ የለውም።»

«እኛስ ሌላ እናት አለን?»

ሳቀ። «ኧረ ላጽዳው ብቻ ነው ያልኩሽ። ዘይቱ ደርቋል፤ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ጉድ ቢያደርጋችሁስ?»

ይህ አስፈራኝ። አባዬን በስንት ልመና አስወለቅነው። ሰዓቱ እስኪመለስ ድረስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሙዚየሙ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እመጣለሁ ባለው ቀን መጣ። የሰዓቱ መስታወት ጠርቷል፤ ማሰሪያው ተቀይሯል። ደወሉን ሞልቶ ጆሮው ላይ አስጠጋና ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ማድቤቱ በር ላይ ቆሜ ጢርታውን ሰማሁ። ከዚያ በራሱ እጅ አባዬ አንጓ ላይ አሰረለት። «አባዬ፣ በቀን አንዴ ብቻ ይጩህ፣ እሺ? በከንቱ አትሙላው» አለው ከንፈሩን እያሳየ። አባዬ እሺ ብሎ ግንባሩን ሳመው። እናቴ የኦክስጅን ጭምብሏን ገለጥ አድርጋ «ሙዚየሙ ዛሬ ሥራ ጀመረ» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ለመጨረሻ ጊዜ ያሳቀችን ያኔ ነው።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጭምብሉን በሁለት እጁ እናቴ ፊት ላይ ጫን አድርጎ ይዟል። ሁለተኛው ሲሊንደር ተገጥሟል፤ አየሩ ሽው እያለ ይወጣል። እናቴ ግን ቀዝቅዛለች። ቀኝ እጇ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ እሱ ወደሚተኛበት ወንበር ተዘርግቷል። ወንበሩን ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው።

«ተኝቼ ነው» አለኝ፤ ከንፈሬን እንኳ ሳያይ። «ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ስትመጣ ነው የነቃሁት። አልነካኝም። አልነካኝም እኮ ልጄ።»

ከቀበርናት በኋላ ሰው መቼም አፉ አያርፍም፤ ሽማግሌው ደወሉን መሙላት ረስተው ነው ተባለ። አባዬ የሚባለውን ባይሰማም ከፊታቸው ያነበዋል። ጠዋት «ሞልቼዋለሁ» ይላል፤ ከሰዓት «ረስቼ ይሆናል» ይላል። ምግብ ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ጉንጩ ገባ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። አንዷን ቀብሬ ሌላውን ልቀብር እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሙዚየሙ መጥቶ በሩ አጠገብ እንደተቀመጠ አባዬ ሰዓቱን ያሰረበትን እጁን ዘረጋልኝ።

«ሙዪልኝ» አለ። «እስቲ ልየው።»

ሞላሁት። ደወሉን አሁን ወዳለንበት ሰዓት አመጣሁት። ጢርርር አለ፤ ለስለስ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። አባዬ ከንፈሬን ይጠብቃል።

«ጮኸ?»

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት።

አንጓውን ትክ ብሎ አየ። በሌላው እጁ ቆዳውን ቆነጠጠው። «እንግዲያው እጄም ሞቷል» አለ። «እኔው ነኝ የገደልኳት።»

ቀና ስል ሙዚየሙ ወለል ወለሉን ያያል። በልጅነቱም ስኳር ሰርቆ ሲበላ እንዲሁ ነበር ወለል የሚያየው። አባዬ ከንፈሬን እንዳያነብ ጀርባዬን ሰጠሁት።

«ምን አደረግክበት?»

«ምንም… ቆዳ ነው። መዶሻዋ ክዳኑን እንዳትበላው ስስ ቆዳ አስገባሁበት። እኛ ሰብሳቢዎች እንደዚያ ነው የምናደርገው። ድምፁ እንዳለ ነው እኮ፣ እትዬ። ራሴ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

በጆሮው። መስማት ለማይችል ሰው የሚሰጠውን ሰዓት በጆሮው ፈተነው። ቆሽቴ እርር አለ።

«አፈር ስሆን አትንገሪው» አለኝ፤ እንባው መጥቷል። «እርጅና ነው ብሎ ይተወዋል። ካወቀ ግን ዓይኔን ማየት አይፈልግም።»

አሳዘነኝ። ወንድሜ ነው፤ እጄ ላይ ነው ያደገው። ዘወር ስል ግን አባዬ አሁንም አንጓውን እየቆነጠጠ ነው፤ ቆዳው ቀልቷል።

«ክፈተው» አልኩት።

መክፈቻው ከኪሱ አይለይም። ሰዓቱን ከአባዬ እጅ ፈትቼ ሰጠሁት። ክዳኑን አነሣ፤ ከጥፍር የማትበልጥ ቡናማ ቆዳ በወረንጦ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ክዳኑን መልሶ ገጠመ። እንደገና ሞልቼ አባዬ አንጓ ላይ አሰርኩት።

ደወሉ ሲነሣ አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ለአፍታ ፊቱ በራ፤ እጁ አልሞተም። ከዚያ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ቆዳ ሄደ፤ ከቆዳዋ ወደ ልጁ። መንገር አላስፈለገንም።

«ክዳኑስ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀው።

አባዬ ሰዓቱን ከእጁ ፈታ፤ የልጁን እጀታ ሰበሰበና አንጓው ላይ አጥብቆ አሰረለት። የደወሉን ጠቋሚ ዘጠኝ ላይ አደረገው።

«በየቀኑ ሙላው» አለው። «እንዳታወልቀው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የሚበላ ነገር ስጪኝ አለ።

ወንድሜ አሁንም ይመጣል፤ አሁን ቀን አያሳልፍም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የያዘውን ወሬ መሀል ላይ ያቆማል። ሰዓቱ ይጮኻል። አባዬ ጩኸቱን አይሰማም፤ የልጁን ፊት ነው የሚያየው፤ እስኪያበቃ ድረስ ዓይኑን አይነቅልም።

«ነካህ?» ይለዋል።

«ነካኝ፣ አባዬ» ይላል ወንድሜ።