ኢሊንካ በፍሪ የወረደችበት ቁልቁለት

ኢሊንካ ሁለት የግራ እጅ ጣቶቿን ያጣችው በአባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ነው። አባቷ ፓንተሊሞን ሐኪም ቤት ሲያደርሳት፣ «በቃ፣ ሞተር ሳይክሉ ቀረልሽ!» ብሎ መሳቁን የሲቢዩ ከተማ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እሷ ግን በግራ እጅ የማይጨመቅ፣ በሞተሩ ዙር ራሱ የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን አስገጠመች። በተራራው የጭቃ ውድድርም ወንዶቹን ታስከትል ጀመር።

ችግሩ ቁልቁለት ላይ ነበር። ነዳጁን ስትቀንስ ዙሩ ይወርድና ፍሪሲዮኑ ይለቃል። ሞተሩ በማርሽ አይዛትም፤ በፍሪ ትንደረደራለች። በዚያ አካባቢ ደግሞ የሞተር ጥገናን ከአባቷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«አባዬ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንዲይዘኝ አርግልኝ።»

«የፍሪሲዮኑን ሞላዎች በለስላሳ መቀየር ነው። ያኔ ዙሩ በጣም ካልወረደ አይለቅም።»

ማታ ሞላዎቹን ቀየረላት፤ ጠዋት ደጅ ላይ ሞከረችው። «ሲነሳ ዘግየት ይላል» አለች።

«ትለምጂዋለሽ።»

ውድድሩ ላይ ዝናብ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ያለው ቁልቁለት መሃል ፍሪሲዮኑ ከወትሮው ቀድሞ ለቀቀ። ፍሬን ስትይዝ የኋላው ጎማ እርጥብ የዛፍ ሥር ላይ ተንሸራተተ፤ ከነሞተሯ ወደ ገደሉ ተንከባለለች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ፓንተሊሞን ሆስፒታል ሲገባ ሰላም እንኳ ሳይላት፣ «ነግሬሽ ነበር» አለ። ተኝታ ሳለችም ሞተሩን ለደን ጠባቂው ልጅ ለቲቤሪዩ ሸጠው፤ ሁለት ጊዜ ያሸነፈችው ልጅ ነው።

ክራንች ይዛ ቤት በገባች ሰሞን ቲቤሪዩ ሞተሩን እየገፋ መጣ።

«ጋሼ ፓንተሊሞን፣ ይሄ ነገር ቁልቁለት ላይ ሊገድለኝ ነው!»

ፓንተሊሞን የፍሪሲዮኑን ክዳን ፈታና ጠንካራ ሞላዎችን አወጣ። ለስላሶቹን ከኪሱ አውጥቶ ገጠመ፤ ሥራው እንደ ቀልድ አለቀ። ቲቤሪዩ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት ወጥቶ ሲወርድ ሞተሩ እያጉረመረመ ያዘው።

«ምን ሆኖ ነው ግን?»

«የማያውቅ ሰው ነካክቶት» አለ ፓንተሊሞን፣ ደጃፍ ላይ የቆመችውን ኢሊንካን ቀና ብሎ እያየ።

ኢሊንካ የወጡትን ሞላዎች አየች። «በለስላሳ ቀየርኩ ብለህ አውቀህ ነው ጠንካራ የገጠምከው።»

«አንዴ ብትደነግጪ ሞተሩን ትተዪዋለሽ ብዬ ነው። ዳሌሽን ስበሪ አላልኩሽም።»

ቲቤሪዩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የሁለቱን ፊት ሲያይ ግን የራስ ቁሩን አጥልቆ ውልቅ አለ።

ሌላ መሄጃ ስላልነበራት እዚያው ቀረች። በረዶው ሲጀምር ፓንተሊሞን ደረቱን ታሞ ተኛ። «ውሃ» ሲል ክራንቿን ተደግፋ በሩ ድረስ ትሄዳለች፤ እዚያ ቆማ ታየዋለች። ድምፁ እስኪሰልል ትጠብቅና ነው የምትሰጠው።